የመኪና ቸርኬ በስፕሬይ ቤት መቀባት፦ አንዴ ተልጦብኝ፣ አንዴ ይዞልኝ

የመጀመሪያው ቅብ ሦስት ወር ሳይሞላው ተላጠ። ሁለተኛው ይኸው አሥራ አንደኛ ወሩን ይዟል፤ ክረምቱን አልፏል፣ በየሁለት ሳምንቱ ላቫጆ ይገባል፣ አሁንም አለ። ሁለቱንም የቀባሁት እኔው ነኝ። ግቢው ያው ነው፣ መኪናዋም ያችው ናት። ሰሞኑን ቸርኬውን አይቶ «የት አስቀባኸው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። «ቤት ነው የቀባሁት» ስል ደግሞ ሁሉም ወዲያው «የትኛውን ቀለም ገዛህ?» ይለኛል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፣ ለዚህም ነው የተላጠብኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ሙከራ፣ የገዛሁትን ዕቃ ጭምር፣ እንዳለ ልጻፍላችሁ።

መኪናዋ 2005 ሞዴል ኮሮላ ናት። ቸርኬዋ 15 ኢንች አሎይ ነው፣ አራት ብሎን ያለው። ስገዛት ጀምሮ ሁለቱ የቀኝ ቸርኬዎች ጠርዛቸው ተፋፍቋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ጠጋ ብላችሁ ስታቆሙ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ድንጋይ አንዴ ከነካው ሙሉ ክቡን እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው። ከዚያ የባሰው ግን የኋላው ግራ ነበር። ክሊሩ ሥር፣ ማለትም ቀለሙን ከላይ ከሚሸፍነው ብርሃናማ ቅብ ሥር፣ ነጭ ነገር ገብቶ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ብዙ ሰው «ዛገ» ይለዋል። አሎይ አልሙኒየም ስለሆነ እንደ ብረት ቀይ ዝገት የለውም። ክሊሩ በጠጠር ሲቦረቦር ውኃና አየር ገብቶ አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ ያ ነጭ ዱቄት የሚመስለው እሱ ነው። በላዩ ብትቀቡበት ከሥር መሄዱን አያቆምም።

ሌላ ቸርኬ ለምን አልገዛህም ትሉኝ ይሆናል። አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሁለት ቅዳሜ ዞሬያለሁ። አራቱም አንድ ዓይነት የሆኑ ንጹሕ ቸርኬዎች ማግኘት ከባድ ነው፤ ሦስቱ ደህና ሆኖ አራተኛው የታጠፈ ይሆናል፣ ወይም ዋጋው አይቀመስም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ያለችውን አሮጌ መኪና አጥብቆ ይዟል፣ ዕቃዋም እንደዚያው ተፈላጊ ሆኗል። አንድ ጋራዥም ጠይቄ ነበር። ቸርኬውን አውልቀው በኮምፕሬሰር ሊቀቡልኝ አራት ቀን መኪናዋን ተዋት አሉኝ። የጠሩልኝ ዋጋ በኋላ ቤት ካወጣሁት ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ብሩን አልጽፍም፣ ንጽጽሩ ግን ዛሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ የገዛሁት ቆርቆሮ በብር ቀለም የተሞላ፣ ርካሽ፣ «ለብረት፣ ለእንጨት፣ ለፕላስቲክ» የሚል ነበር። የሸጠልኝን ሰው «ፕራይመር ያስፈልገዋል?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ፕራይመር ከቀለሙ በፊት የሚነፋ፣ ቀለሙን የሚያስይዝ ቅብ ነው። «ኧረ ምንም አያስፈልገውም፣ በራሱ ይይዛል» አለኝ። አመንኩት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናብ ያባራበት አንድ ከሰዓት አገኘሁና ቸርኬውን በላርጎ አጠብኩ፣ ጎማውን በጋዜጣ ሸፈንኩ፣ ሳላወልቀው እዚያው መኪናዋ ላይ እንዳለ ነፋሁት። ሁለት ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ከሩቅ ሲታይ ያምር ነበር፣ እናቴ ሳይቀር «አዲስ ገዛህ እንዴ?» ብላኛለች። ቀረብ ሲባል ግን ክቡ ላይ እዚህም እዚያም ወተት የፈሰሰበት የመሰለ ጉም ነበር። በእርጥብ አየር ስፕሬይ ሲነፋ ውኃው ቀለሙ ላይ ይያዝና እንደዚያ ያደርገዋል። በክረምት ቀለም አይነፋም፤ ይህን ያወቅኩት ከነፋሁ በኋላ ነው።

ጥቅምት ላይ ላቫጆ አስገባኋት። ልጁ የውኃውን ግፊት ወደ ፊት ቀኝ ቸርኬ ሲያዞር መዳፍ የሚያህል ቀለም ብድግ ብሎ ተነሣና ወለሉ ላይ ወደቀ። አንሥቼ አየሁት። እንደ ፕላስቲክ ነው፣ ይታጠፋል። ቸርኬው ላይ የቀረውን በጥፍሬ ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተከትሎኝ መጣ። ከሥሩ ያለው የድሮው ክሊር ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ አንድም የብር ቀለም አልቀረበትም። ያን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ቀለሙ ያን ሁሉ ጊዜ ቸርኬውን አልያዘውም ነበር፤ ዝም ብሎ ተጠቅልሎበት ነው የኖረው። ልሙጥ ክሊር ላይ ያለ ፕራይመር፣ ያለ ፍተጋ ምን ዓይነት ቀለም ቢነፋ መጨረሻው ይኸው ነው፣ ቆርቆሮው ውድም ይሁን ርካሽ።

ኅዳር ላይ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ የገዛሁት አራት ነገር ነው፦ ለአልሙኒየም የሚሆን ኤች ፕራይመር ሁለት ቆርቆሮ፣ የቸርኬ ቀለም አራት፣ ክሊር ሦስት፣ ብርጭቆ ወረቀት ከ180 እስከ 800 ቁጥር። ቆርቆሮዎቹ እያንዳንዳቸው 400 ሚሊ ሊትር ናቸው። ለአራት ቸርኬ የፊት ገጽ ይህ በቂ ሆኗል፤ ከቀለሙ ግማሽ ቆርቆሮ፣ ከክሊሩም ትንሽ ተርፎኛል። የቸርኬ ቀለም ስል ላዩ ላይ «ዊል» ተብሎ የተጻፈበትን ነው። ከርካሹ ጋር ሲነጻጸር አንዱ የሦስቱን ዋጋ ያወጣል። ያዋጣል ወይ? አዎ፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛ አፍንጫው ሰፊና እኩል ነው የሚረጨው፤ ርካሹ በየመሃሉ እየተፋ ጠብታ ይጥል ነበር። ሁለተኛ የፍሬን ሙቀትና የፍሬን አቧራ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ግን ከገንዘባችሁ አንዱን መቀነስ ካለባችሁ ከቀለሙ ቀንሱ፣ ፕራይመሩንና ክሊሩን አትንኩ። ፕራይመሩ ነው አልሙኒየሙን የሚይዘው፤ ራቁት የሆነ አልሙኒየም አየር እንደነካው ወዲያው ስስ ሽፋን ያበቅላል፣ ተራ ቀለም እሱ ላይ አይረጋም። ኤች ፕራይመር ውስጥ ያለው አሲድ ነው ያንን በጥቂቱ እየበላ የሚጣበቀው።

ስትገዙ ቆርቆሮውን አንሥታችሁ ወዝውዙት። ውስጡ ያለችው ኳስ ቶሎ መንቀሳቀስ አለባት። ካልተንቀሳቀሰች ቀለሙ ሥሩ ላይ ደርቋል ማለት ነው፣ መልሱት። የተጨረመተ፣ አፉ ዙሪያ የዛገ፣ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የዋለ አትግዙ። የማምረቻ ቀኑንም እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ። «ከአሜሪካ ጥሩውን ስፕሬይ አምጣልኝ» ብላችሁ አትላኩ። እኔ ዋሽንግተን ያለውን ያክስቴን ልጅ ልኬው ነበር፣ እሱ ነው አጣርቶ የነገረኝ። ስፕሬይ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ በእጅም ሆነ በሻንጣ መያዝ ክልክል ነው። ሻንጣው ተከፍቶ ይወሰዳል። ብርጭቆ ወረቀቱንና የወረቀት ፕላስተሩን ግን አምጥቶልኛል፣ በጣም ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ሁለት ሁለቱን ነው የሠራሁት፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ የፊቱን፣ በሚቀጥለው የኋላውን። መኪናዋን በክሪክ አነሣኋትና የብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍኳት። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ አለ። ብሎኬት ሥሯ አታድርጉ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። በክሪክ ብቻም አትተዉአት። መደገፊያ ከሌላችሁ ቸርኬውን ጎሚስታ ቤት አስወልቃችሁ መኪናዋን እዚያው አቁሟት።

እጥበቱ ግማሽ ቀን ወሰደ። ፍሬኑ የሚያራግፈው ጥቁር አቧራ ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት፣ ሲሞቅ ቸርኬው ላይ ይጋገራል፣ በተለይ ከኋላ በኩልና በቸርኬው ዘንጎች መካከል። በላርጎና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ደጋግሜ ፈተግኩት። ከዚያ ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ላቫጆ ገብታችሁ ስትወጡ ጎማው ላይ የሚቀባው ያ የሚያብረቀርቅ ዘይት አለ አይደል? ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን ነው። ቸርኬው ላይ ፍንጣቂው ካለ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ይሸሻል፣ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፣ ልክ የዓሣ ዓይን ነው የሚመስለው። ላርጎ ብቻ አያነሣውም። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁን እየቀያየርኩ ወለወልኩት። አምስተኛው ጨርቅ ላይ ነው ነጭ ሆኖ የወጣው። ቤንዚን አትጠቀሙ፣ ሲተን ቅባት ይተዋል፤ ለእጅም ለሳንባም ጥሩ አይደለም።

የተፋፋቀውን ጠርዝ በጥሩ ሞረድ አስተካከልኩ። ቀስ ብሎ፣ ክቡን እየተከተሉ። ሹል የሆነውን ማለስለስ ብቻ ነው የሚፈለገው፣ መቆፈር አይደለም። ጠለቅ ያለችውን አንዲት ጭረት ብቻ በስቱኮ ሞላሁ። ነጩ ድር ያለበትን ቸርኬ ግን እስከ አልሙኒየሙ ድረስ በ180 ፈተግኩት፤ ድሩ ካለቀበት ቦታ አልፌ ሁለት ጣት የሚያህል ዙሪያውን ጭምር። ከዚያ ሁሉንም በ320፣ በመጨረሻም በ400 በውኃ እያራስኩ ሄድኩበት። ያልተጎዳውን ክሊር አላነሣሁትም፣ ድንበሩን በጣት ስትዳስሱት ደረጃ እንዳይሰማችሁ አድርጎ ማለስለስና ብርሃኑን መግደል በቂ ነው። አንድ ቦታ የሚያብረቀርቅ ከቀረ እዚያች ቦታ ላይ ነው የሚላጠው። ጣቶቼ እስኪሸበሸቡ ነው የፈተግኩት። በአንድ ቸርኬ ሦስት ሰዓት ያህል ሄዶብኛል፣ ከጠቅላላው ሥራ አብዛኛው ጊዜ ይኸው ነው።

ቸርኬዎቹን ይዤ የሄድኩባቸው የሰፈራችን ጎሚስታ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጣሊያን ያሠለጠናቸው አለቃ ሥር ነው የተማሩት። ጎማውን ከቸርኬው ሙሉ በሙሉ ላስወልቅ ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ጎማውን አውልቁልኝ፣ ልቀባው ነው» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ውስጡን ልትቀባው ነው እንዴ?»

«ኧረ ፊቱን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስወልቅሃል? አየሩን አስተንፍሰው። ላላ ሲል ጎማው ከቸርኬው ፈቀቅ ይልልሃል፣ እዚያ መካከል ወረቀት ሰካበት። ጎማው የሚቀመጥበት ጋ ግን ቀለም እንዳታስነካ፣ በኋላ አየር ያስተነፍስና እኔን ትነዘንዘኛለህ።»

ያሉኝ ሁሉ ልክ ሆነ። ወረቀት ስፈልግ ቤት ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ የሰርግ መጥሪያ ካርድ አገኘሁ። ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ወፍራም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አይታጠፍም። አንዱን ለሁለት እየቆረጥኩ ጎማውና ቸርኬው መካከል እየደራረብኩ ዙሪያውን ሰካሁት፤ ለአንድ ቸርኬ ሠላሳ አምስት ያህል ቁራጭ ፈጀ። ጎማው በወርቅ ቀለም በተጻፉ የሙሽሮች ስም ተከቦ እንደ አበባ ተከፍቶ ነበር። በጋዜጣና በፕላስተር አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በአሥር ደቂቃ አለቀ፣ ጠርዙም እንደ ፋብሪካ ሥራ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ብሎኑ የሚቀመጥበትን ቀዳዳና ከኋላ በኩል ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር የሚገናኝበትን ልሙጥ ቦታ ደግሞ በፕላስተር ዘጋሁ። ይህን አትዝለሉት። ቀለም እዚያ ላይ ከተጋገረ ብሎኑ የጠበቀ ይመስላችኋል፣ ቀለሙ ሲደቅቅ ግን ብሎኑ ይላላል። የአየር መሙያዋን አፍም ሸፍኑ። ከውስጥ በኩል ለባላንስ የተለጠፈችውን እርሳስ አትንኳት፤ ከወደቀች ባላንስ ማሠራት አለባችሁ።

የሚነፋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ኅዳር ጠዋት አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርድና ጠብታ ይተፋል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ማቆየት ይቻላል። ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ ሙቅ አይደለም፤ እሳት ዳር ማስቀመጥማ የማይታሰብ ነው፣ ይፈነዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል። እኔ ግቢውን በውኃ አርሼ፣ ቸርኬውን ወንበር ላይ አስተኝቼ፣ ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ ነው የጀመርኩት።

ሁለተኛውን ዙር ፕራይመር እየነፋሁ እያለ እናቴ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ልታፈላ በረንዳው ላይ ወጣች። ከእኔ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ቆርቆሮውን አስቀምጬ ሮጥኩ። «እማዬ፣ እባክሽ ዛሬ ውስጥ አፍዪልኝ» አልኳት። ስፕሬዩን የሚገፋው ጋዝ ከምግብ ማብሰያው ጋዝ ጋር አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፣ መሬት መሬት ይዞ ይሄዳል፣ ፍም ካገኘ ይቀጣጠላል። ግቢያችን ውስጥ ከሰልም ሲጋራም ስለማይጠፋ ከመጀመራችሁ በፊት ለቤተሰቡ ተናገሩ። ሕፃናትንም አርቁ። አፍንጫችሁ ላይ የምታደርጉት የኮቪድ ጊዜ ማስክ አቧራውን ነው የሚይዘው፣ ሽታውን አይይዝም። ጎንና ጎኑ ላይ ማጣሪያ ያለውን የቀለም ቀቢዎች ማስክ ግዙ ወይ ተዋሱ። ቤት ውስጥ፣ በር ዘግቶ መንፋት በጭራሽ።

አነፋፉ ላይ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም። ኳሷ ድምፅ ከሰጠች በኋላ ሁለት ደቂቃ ወዝውዙ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ፣ እጃችሁን ሳታቆሙ አልፋችሁ ሂዱ፣ ቸርኬውን ከነካ በኋላ ሳይሆን ከመንካቱ በፊት ነው መጫን የሚጀመረው። የመጀመሪያው ዙር ሥሩ እየታየ እንደ ጉም ስስ መሆን አለበት። ሲያዩት ያስጠላል፣ እጅ «ጨምር ጨምር» ይላል፣ አትስሙት። እኔ ሦስተኛው ቸርኬ ላይ ቸኩዬ ቀረብ አልኩና አየር መሙያው አጠገብ ቀለሙ ተንጠባጠበ። አድርቄ፣ በ600 ፈትጌ፣ እንደገና ነፋሁት። ያ አንድ ሰከንድ ግማሽ ቀን አስከፍሎኛል። በየዙሩ መካከል አሥር ደቂቃ፤ ፕራይመር ሁለት፣ ቀለም አራት፣ ክሊር ሦስት ዙር። የገዛሁት ክሊር ላይ ያለው ጽሑፍ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ድገሙ፣ አለዚያ 48 ሰዓት ጠብቁ» ይላል። ይህን የሚጽፉት ለይስሙላ አይደለም። በመሃሉ ከነፋችሁ የላይኛው ፈሳሽ ግማሽ የደረቀውን ሥር ያነሣውና ይሸበሸባል። የእናንተ ቆርቆሮ ሌላ ሰዓት ሊል ይችላል፤ እሱን አንብቡ። ስትጨርሱ ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ንፉት፣ አለዚያ አፍንጫው ይደፈናል፣ የተረፈውም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሲነኩት በአንድ ሰዓት ደርቋል፣ በማግሥቱ ጠንክሯል የሚል ስሜት ይሰጣል። ውስጡ ግን ገና ነው። እኔ ሁለቱን ቸርኬ አንድ ሳምንት አቆይቼ ነው የገጠምኩት፣ መኪናዋ ያን ሳምንት መደገፊያው ላይ ቆማለች፣ ታክሲ ነው የተሳፈርኩት። ሥራችሁ ያለ መኪና የማይሆን ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስሉት። ብሎኑን በመስቀለኛ፣ ትይዩ ትይዩውን ነው የሚጠበቀው። ብሎኑ ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ቁልፍ ያለው ሰው ካገኛችሁ የኮሮላዋ መጠን 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። ወር እስኪሞላው ላቫጆ አላስገባኋትም፣ ቤት በባልዲና በጨርቅ ነበር የማጥባት።

ውጤቱስ? በአሥራ አንድ ወር ውስጥ የተላጠ የለም። ላቫጆው ውስጥ ያ ግፊት በቅርብ ሲመታው ቆሜ አይቻለሁ፣ ልቤ እየመታ፣ ምንም አልሆነም። ከእንጦጦ በተደጋጋሚ ወርጃለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ተራራ ፍሬን እየያዙ እስከ ስድስት ኪሎ መውረድ የፊት ቸርኬን እጅ እስኪያቃጥል ያሞቀዋል፤ ክሊሩ አልለሰለሰም፣ አልበለዘም። አዳማ ድረስም በፍጥነት መንገዱ ሄጃለሁ። የፍሬኑ አቧራ በጨርቅ ብቻ መነሣቱ ደግሞ ያልጠበቅሁት ደስታ ነው፣ ድሮ ብሩሽ ይፈልግ ነበር።

ጉድለቱንም ልናገር። ቀለሙ ከፋብሪካው ጋር አንድ አይደለም፤ ትንሽ ይነጣል፣ ከቅርብ የብሩ ፍሬ ጎላ ይላል። አራቱንም ስለቀባሁ አይታወቅም፣ አንዱን ብቻ ብትቀቡ ግን ይታወቃል። ሁለት ቦታ ጠጠር ነክሶት ነጥብ የምታህል ተነሥታለች። ስቱኮ የሞላሁባት ጭረት ፀሐይ በጎን ሲመታት ጥላዋ ይታያል። ጎማ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ንገሯቸው፤ ማሽኑ ወይም ጎማ የሚያወልቁበት ሌባ ብረት ጠርዙን ከነካው ቀለሙን ይቆርሰዋል። የእኛ ጋሼ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ነው የሚሠሩት።

ለማን አልመክርም? ቸርኬው የታጠፈ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ቀለም አታስቡ። በሚገባ ካጠባችሁ በኋላ በተለይ ከኋላ በኩል በብርሃን ፈትሹት፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካያችሁ ያ ቸርኬ አልቆለታል፣ ስፕሬይ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ሰው የተሳፈረበት መኪና ነው። የተቀባ አሮጌ ቸርኬ ስትገዙም ይህንኑ ጠርጥሩ። ፊቱ እንደ መስታወት በማሽን የተላገ ዓይነት ቸርኬ ያላችሁም ያንን መልክ በስፕሬይ አታገኙትም፣ ወደ አንድ ወጥ ቀለም ነው የሚቀየረው። አንድ ሙሉ ቀን ለፍተጋ መስጠት የማትችሉም ብትተዉት ይሻላል፤ እንዲያ ከሆነ የሐምሌው የእኔ ሥራ ነው የሚሆንባችሁ።

ለቀረው ሰው፣ ጠርዙ ለተፋፋቀበት፣ ክሊሩ ለሞተበት፣ ቀጥ ላለ ደህና ቸርኬ፣ ያለማመንታት አድርጉት እላለሁ። ኤች ፕራይመሩን ከአምስት አምስት፣ ክሊሩን አራት ተኩል፣ የቸርኬ ቀለሙን አራት እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያውን ርካሽ ቆርቆሮ ደግሞ ለግቢ በር ቢሆን እሞክረው ይሆናል፣ ለቸርኬ ግን አልመልሰውም።

አሁን ጥቅምት ገብቷል፣ ሰማዩም ጠርቷል። ጠጠር የነከሳቸውን ሁለት ነጥቦች በተረፈኝ ግማሽ ቆርቆሮ ልደፍናቸው ነው። ክዳኑ ላይ ትንሽ ነፍቼ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነከርኩ። መጥሪያ ካርዶቹንም አልጣልኳቸውም፤ ጎሚስታው ጋሼ የልጃቸውን ቪትዝ ቅዳሜ ይዘውልኝ ይመጣሉ።